ዱካሞን ሌባ አልገደለውም

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ጌዴዎን፣ ሆሳዕና

ጋሼ፣ የጌታ ሰላም ከደጅህ አይራቅ። እንዴት ከረማችሁ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሐኪም ዘንድ አልሄድክም? ፅናትስ እንዴት ናት? ከወለደች ወዲህ ጉልበቷ ተመለሰላት? ዝናቡስ ወጣላችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄም ክፍት ነው። በወረቀት የጻፍኩልህ በስልክ ስጀምርልህ እያቋረጥከኝ ስላስቸገርከኝ ነው። በርናባስ ለእረፍት ወደ አገር ስለሚገባ በእጅህ ያስረክብሃል።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ዝም በይ፣ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቂ፣ በጉባኤ ፊት የተናገርኩት ኀዘን አናውጦኝ ነው በይ ብለሃል። አልልም ጋሼ! ካሳደግከኝ ጀምሮ ቃልህን ጥሼ አላውቅም፣ ይህን ግን እሺ አልልህም። ዱካሞን ሌባ አልገደለውም። ሌባ ገደለው ብለህ መርዶውን ለእናቱ ያደረስከው አንተ ስለሆንክ፣ የሆነውንም ከሥሩ የምነግረው ለአንተ ነው።

ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ነው። እኔ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጻካኔ የምነግደው ጎጎ ኖምሳ በምትባል ባልቴት ግቢ፣ በጡብ በተሠራ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ጎጎ ማለት እዚህ አያት እንደማለት ነው። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሏል፣ ቆርቆሮ ቤት ያለ ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሂድ እያሉ ነው አለችኝ። ወዲያው ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በመንገዱ አለፈች። ብዙ ተናገረች፤ እኔ ግን የሰማሁት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ የሚለውን ብቻ ነው።

በቃ፣ ጆሮዬ እዚያ ላይ ቀረ። ካቻምና ለሱቅ ምዝገባ ኑ ተብለን ስንሄድ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሁሉ በመኪና እንደጫኑት እንዴት ይረሳኛል? እዚህ ያለን የአገር ልጆች የምንጸልይበትን የኅብረታችንን ማስታወቂያ በስልክ የማስተላልፈው እኔ ነኝ፤ ጸሎት ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ የእኔን ድምፅ ሰምቶ የማይነሳ የለም። ዓይኔን ሳላሽ ስልኬን አነሳሁና፣ አውሎ ነፋስ የሚሉት እኛን ለማጥመድ ነው፣ ማንም እንዳይወጣ፣ በራችሁን ከውስጥ ቆልፉ ብዬ ላክሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ጎጎ ኖምሳ እኮ ዳቦዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር፤ እሷን እንኳ አልጠየቅሁም።

ዱካሞ መልእክቴን ሰምቶ ከሱቁ ደወለ። የእሱ ሱቅ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። በለጥሽ፣ ሰማዩ ደስ አይልም፣ ጎረቤቶቼ እየሄዱ ነው፣ ይህን የነገረሽ ማን ነው አለኝ። ሁሉም ያውቀዋል አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እኔ ጡብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እኮ ነው!

ዘጠኝ ሰዓት ግድም አውሎ ነፋሱ መጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። በረዶው እንቁላል ያክላል፤ ነፋሱ የዱካሞን ጣሪያ ነቅሎ ግድግዳውን ከነመደርደሪያው ጣለበት። በሩ ደግሞ ከውስጥ ተቆልፏል። የሰፈሩ ሰዎች፣ የአገሬው ተወላጆች፣ በዚያ በረዶ ሮጠው መጥተው የመስኮቱን ፍርግርግ በብረት ሰበሩ፣ ቆርቆሮውን በባዶ እጃቸው አነሱት። አንዱ ጎልማሳ መዳፉ ተቀዶ እስከ ዛሬ በፋሻ ነው። ዱካሞ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። በማግስቱ አዳራሹ ሄጄ ጠየቅሁ። መታወቂያውን የፈለጉት ብርድ ልብስ ሲያድሉ ስም ለመጻፍ ነበር፤ የሌለውንም ስሙን ብቻ ጠይቀው አስገብተውታል።

ጋሽ ሽጉጤ፣ የኅብረታችን ዋና ሽማግሌ፣ ያኔውኑ ደውሎ ሌባ ነው የገደለው አለህ። ለእኔ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሌባ ብዙዎቻችንን ስለገደለ ማንም አይጠራጠርም ብሎ ነው። ግን ጋሼ፣ የዱካሞ እናት ልጇን ከፍርስራሽ ያወጡላትን የአገሬውን ሰዎች ነፍሰ ገዳይ እያለች ስትረግም ትዋል? ስለዚህ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ማይኩን ቀሙኝ፤ ያለ ማይክ ጨረስኩት። ከኅብረቱ የስልክ ቡድንም አስወጡኝ።

ከእንግዲህ ማን ማንን ያምናል፣ ኅብረቱን አፈረስሽው ትለኛለህ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ የአንድ ሰውን አሟሟት የደበቀ ኅብረት ነገ ጎርፍ መጣ ቢለኝ ንቅንቅ አልልም። አንተም ብትሆን አትነቃነቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ወጣ። አዳራሹ ድረስ ሄጄ፣ በሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ጠይቄ፣ ወረቀት የሚፈትሽ እንደሌለ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ የእኛን ሰዎች በየሱቃቸው ዞርኩ፤ ከማን እንደሰማሁ፣ ምን እንዳየሁ፣ የማላውቀውንም አላውቅም እያልኩ። ለገሠ የሚባለው መስኮቱን ፊቴ ላይ ዘጋው። ሌሎቹ እያጉረመረሙ ተከተሉኝ። አውሎ ነፋሱ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ ጠብ ሳይል ቀረ! ሲስቁብኝ ዋሉ። ይሳቁ። ሌላ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ አሁንም እዞራለሁ፣ እግሬ እስኪቀጥን።

ለፅናት ሰላም በልልኝ፤ አራሷን የምታስቸግራት ከሆነ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። እዮኤል በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው። ሊናን ሳምልኝ፤ አዲሷን ሕፃንም ሁለት ጉንጮቿን። ለአጥቢያው ምእመናን በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ በጸሎት አስቡኝ።

ለዱካሞ እናት ግን ሰላምታዬን አታድርስ። ቤቷ ሄደህ ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብላት፤ ስሜ ያለበት ቦታ ላይ አትዝለል። እስከ ገና ካላነበብክላት እኔው እደውልላታለሁ። የምትረግመው ሰው ካስፈለጋት እኔን ትርገም፤ እስክትጨርስ ስልኩን አልዘጋም።

እህትህ በለጥሽ
ጻካኔ፣ ጆሃንስበርግ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.