ሁለት ስም ስላላት አንዲት ልጄ

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን የሕገ ወጥ ስደት መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የቢሮው ብርድ ወገብዎን እንዳልያዘው፣ በስብሰባ ብዛትም ጉሮሮዎ እንዳልተዘጋ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎን፣ ሾፌርዎን፣ ከደጅዎ የሚቀመጠውን ጥበቃ ሳይቀር እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ከመጥፋቱ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ተዋበች ይስማው ነኝ፤ ጥር ላይ በገበያው ሜዳ ባደረጋችሁት ስብሰባ «ሕጋዊዋ ስደተኛ ይቺውላችሁ!» ብለው ከወንበር ያስነሱኝ፣ ሕዝቡንም ያስጨበጨቡልኝ ሴትዮ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ስላቆምሁ ለአጻጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ያን ቀን የተናገርሁት ሁሉ እውነቴን ነው፣ ዛሬም አላፈርሁበትም። ጅዳ የሄድሁት በውል፣ በቪዛ፣ በአውሮፕላን ነው። ከጎረቤት ቤት የምትሠራው የእስቴ አገሯ ልጅ ደጊቱ ግን በየመን በኩል በባሕር የገባች ነበረች። ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ እኔ ቀና ብዬ እሄዳለሁ፤ እሷ የፖሊስ መኪና ባየች ቁጥር ከማጠራቀሚያው ኋላ ትሸጎጣለች። «አንቺ እኮ ባለወረቀት ነሽ ተዋቡ፣ እኔ ንፋስ ነኝ» ትለኝ ነበር እየሳቀች። አንድ ጠዋት ወሰዷት፤ ነጠላ ጫማዋ ብቻ ከበራፉ ቀረ። ስለዚህ እርስዎ «በሕገ ወጥ የሚሄዱት የሕጋውያንንም ስም አጎደፉ» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሰርካለም ደምሌም እሄዳለሁ ባለች ጊዜ፣ በወረቀት ከሆነ መርቄ እሸኝሻለሁ፣ በደላላ ከሆነ ግን ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ አልኋት። ልጅቱም የእናቷን ቃል ሰምታ ወደ እናንተ መጣች። እናም ለተደረገልን መስተንግዶ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከጉዞ በፊት ስለሚሰጠው የቤት ሠራተኝነት ሥልጠና አመሰግናለሁ። ማሽን ስላልነበረ፣ ቢኖርም መብራት ስላልነበረ፣ አሠልጣኟ የልብስ ማጠቢያውን በሰሌዳ ላይ ሥላ፣ ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ የሥዕሉን ቁልፍ በጣታቸው እንዲጫኑ አድርጋለች። «እማ፣ ዛሬ በጠመኔ ልብስ አጠብን» ብላኝ መጣች። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ልጄን ሁለት ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ለፓስፖርቱ ለሚያስፈልገው የልደት ምስክር ወረቀት ከደብራችሁ ማስረጃ አምጡ ስለተባልን፣ ክርስትና ያነሷትን ቄስ ወልደ ገብርኤልን ለመንሁ። እርሳቸውም ደስ ብሏቸው፣ ማኅተም አድርገው ጻፉልን፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው በክርስትና ስሙ ነውና የጻፉት «አመተ ሥላሴ» ብለው ነው። የልደት ወረቀቷም በዚሁ ስም ወጣ። መታወቂያዋ ደግሞ መንደሩ በሚጠራት በሰርካለም ነው። በእኛ አገር ሁለት ስም የሌለው ክርስቲያን ማን ነው? እርስዎም ቢሆኑ ሲቆርቡ በመድረክ ስምዎ እንደማይጠሩ እገምታለሁ። የቢሮዎ ልጅ ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ካየ በኋላ፣ «እናቴ፣ እዚህ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዷ ተወልዳለች፣ መታወቂያ የላትም፤ አንዷ መታወቂያ አላት፣ አልተወለደችም» አለኝ። ኧረ እኔ ያማጥሁት አንዴ ነው ስለው፣ «የምጥ ማስረጃ አንቀበልም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ሦስተኛ፣ ምስክር እንድናቀርብ ስለፈቀዱልን እጅ እነሳለሁ። ጎረቤቶቼ እርሻቸውን ትተው መጡ፤ ሰርካለምን እናውቃለን፣ አመተ ሥላሴ የምትባል ግን አናውቅም ብለው፣ አይ የእነሱ ነገር፣ እውነቱን ተናገሩ። የክርስትና ስሟን የሚያውቁት የክርስትና እናቷ እመት ካሣነሽ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ከርመዋል። ቄሱን ባመጣ፣ ወረቀቱን የጻፉት ራሳቸው ስለሆኑ ለጽሑፋቸው ምስክር አይሆኑም ተባለ። ያን ሁሉ ዳገት በምርኩዝ የመጡ ሽማግሌ፣ «በሰማይ የምትጠራበትን ጻፍሁ እንጂ ምን አጠፋሁ ልጄ?» እያሉኝ ተመለሱ። ክቡርነትዎ መልሱን የሚያውቁት ከሆነ ለእርሳቸው ይላኩላቸው።

አራተኛ ብዬ ስለ «ሲስተም የለም» ልጽፍ ነበር፤ ተውሁት።

ባለፈው ሐሙስ ሰርካለም ፀጉሬን ልሠራ ንፋስ መውጫ ከተማ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። አልመጣችም። በማግስቱ ከአፋሯ ሎግያ ደወለችልኝ፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «እማ፣ ያልሽውን መንገድ ሞከርሁት። እዚህ ስሜን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። ውኃ ይዘሻል ወይ? ብላት መልሷን ሳልሰማ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ስልኳ አይሠራም። ከፊቷ ያለው ያ ደጊቱ የነገረችኝ በረሃና ያ ባሕር ነው። ይፋረድሽ ያልሁትን ቃል ከደብሩ በር ላይ ቆሜ አንስቻለሁ፤ እኔ ላነሣላት የምችለው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሕጋዊው መንገድ እንድናገር የላኩልኝ ጥሪም ደርሶኛል። ስላሰቡኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን ምን ልበል? መንገዱ አለ እንዳልል ልጄ ከደጃፉ ተመልሳለች፤ የለም እንዳልል እኔ ሄጄበታለሁ። እስቲ እርስዎ ያስጠኑኝ።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም፣ መድረክዎም ጭብጨባ እንዳያጣ የምመኝ፣ በአንድ ምጥ የሁለት ልጆች እናት ያደረጉኝ ታዛዥዎ፣

ተዋበች ይስማው፣ ከጋይንት

የረሳሁት፦ ግብረ ኃይሉ ደላላውን በየገጠሩ እየፈለገ መሆኑን ሰማሁ። እንዳትደክሙ ብዬ ነው፤ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ እናንተ የመለሳችሁትን ሰው እዚያው ይቀበላል፣ ሰርካለምንም ያገኛት እዚያ ነው። ትናንት ሄጄ ልሰድበው ነበር፤ ልጄ የት እንደደረሰች ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ቁርሱን ጋብዤው ተመለስሁ። እባክዎ ክቡር ሆይ፣ እኔ ሕግ አክባሪዋ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፤ ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል ድረስ ይህን ሰው አይያዙብኝ።