እናታችን የማትሻገረው ድልድይ

ለወንድሜ ለሹንጂ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ በረዶው ጣራችንን ሊያፈርሰው ነው እንጂ።

ትተህልን የሄድካቸው ሁለት የቪዲዮ ጌሞች እናታችንን አሳበዷት፤ እሷ ደግሞ እኔን! የሁለቱንም ጀግና ሹንጂ ብላ ሰይማዋለች። አዲሱ ጌም ላይ እንደ ልብ ስለሚኬድ፣ ትንሽ ወጣ ታደርገውና ቤቱ መልሳ ታስተኛዋለች።

"እማዬ፣ ዘንዶው አገር እየፈጀ ነው እኮ!" ስላት፣

"ይጠብቃ! ልጁ ደክሞታል" ትለኛለች።

የአሮጌው ጌም መንገድ ግን አንድ ነው፤ ድልድዩን ከተሻገሩ ወደ ቤት መመለስ የለም። እዚያ ስትደርስ ጆይስቲኩን አስቀመጠችው። ጌሙን ላጠፋው ብነሳ፣ "እንዳትነኪው!" ብላ ጮኸችብኝ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተገትረሃል፤ ቴሌቪዥኑ ስለተያዘ እኔም ዜና ማየት ቀረብኝ።

ለአዲስ ዓመቱ ቂጣ ሩዙን ለሦስት ሰው ዘፍዝፋለች። ዘንድሮም ሥራ በዛብኝ የምትል ከሆነ፣ ራስህ ደውለህ ንገራት፤ እኔ አልነግራትም።

መንገድህን ወደ ቤት ያቅናልን።

እህትህ ናትሱኮ