ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ

መጋቢት 6

«የዚህ ሕንፃ ጣሪያ የሁላችንም ነው» ሲል ሰማሁት፣ ሊቀመንበሩን። ደረጃው ላይ ቆሞ ለሁለተኛ ፎቁ ጥርስ ሐኪም ነበር የሚነግረው። እኔ በአንድ እጄ ሽንኩርት፣ በሌላው የአክስቴን መድኃኒት ይዤ ሽቅብ እያለከለክሁ። ልቤ ዘለለች። ስንት ጊዜ የለመንኩት ሰውዬ... ዛሬ ሳልለምነው! ጣሪያው የሁላችን ከሆነ ቀዳዳውም የሁላችን ነው። ቀዳዳው የሁላችን ከሆነ ደግሞ ከአክስቴ አልጋ በላይ ያለችው ቡናማ እድፍም የሁላችን ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ምስጋና ስላልለመደ ነው ብዬ አለፍኩ።

ለአክስቴ ከክረምቱ በፊት ሊሠራልን ነው ብዬ አበሰርኳት። ማን አለ? አለች። ሊቀመንበሩ፣ አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞረች። ደረቷ እንደ አሮጌ በር ያፏጫል። ሐኪሟ እርጥበት ጠላትሽ ነው ብሏታል፤ እኛ ደግሞ ጠላቷን አናቷ ላይ አስተኝተነዋል። ወደ እኔ ክፍል እንዳላዛውራት የእኔው ይብሳል።

መጋቢት 8

ገባኝ።

ጣሪያው ሊከራይ ነው። ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊተከልበት። የሁላችን የሆነው ለካ ለዚህ ነው! አምና ያፈሳል ብዬ ስሄድ ይኸው ሰውዬ ምን አለኝ? ከጣሪያው ሥር የሚኖረው ማን ነው? እርስዎ። እንግዲህ... ብሎ እጁን ዘረጋ። ሲያፈስ የእኔ፣ ሲከራይ የሁላችን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

የሕንፃውን መተዳደሪያ ደንብ ከመሳቢያ አወጣሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ የሰው ስሕተት እያነበብኩ ነው ያረጀሁት። ይህን ግን በፍቅር አነበብኩት። ጣሪያ፣ ደረጃ፣ የውጭ ግድግዳ የጋራ ንብረት ነው። በጋራ ንብረት ላይ የሚወሰን ማንኛውም ነገር የሚጸናው ከቤት ባለቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እጃቸውን አውጥተው ሲደግፉት ብቻ ነው። ሲደግፉት! ከሥሩ አሰመርኩበት። ሁለት ጊዜ።

መጋቢት 15

ስብሰባ። ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ። ሁሉም ከቤቱ ወንበር ይዞ ይወርዳል፤ ከወንበሩ በቀር ምንም ይዞ የሚመጣ የለም። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ፊሽካው ዛሬም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ነፋው። ዝም አልን።

የዚህ ቤት አሠራር እንዲህ ነው። ሐሳቡን ያነባል። «ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ» ይላል። ስልኩንና ጥፍሩን የሚያየውን ሕዝብ አንዴ ገልመጥ ያደርጋል። «የለም። ጸደቀ።» በዚህ መንገድ ያላለፈ ነገር የለም። የኋላው በር እንዲዘጋ፣ የግቢው ዛፍ እንዲቆረጥ፣ ደረጃው የጉበት ቀለም እንዲቀባ... ነገ ተነስቶ ሕንፃው ይፍረስ ቢል ከምሳ በፊት ይጸድቃል።

ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ተነሳሁ። ደንቡ የሚለው የሚቃወም ሳይሆን የሚደግፍ ይቆጠር ነው አልኩ።

«እመቤቴ፣ ዝም ያለ ተስማምቷል።»

«ዝም ያለ ዝም ብሏል።»

ጥርስ ሐኪሙ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ዞር ሲልበት ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ጸደቀ ተባለ። ፊሽካ።

ደሜ ፈልቶ ወንበሬን እዚያው ረስቼው ወጣሁ። ተመልሼ ማምጣት ነበረብኝ። በቁጣ ወጥቶ ለወንበር መመለስን የመሰለ ውርደት የለም።

መጋቢት 24

ከባለቤቶቹ አንድ አምስተኛው ከፈረመ ውሳኔው እንደገና በስብሰባ ይታያል ይላል ደንቡ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው።

የምድር ቤቷ ባለ ሱቅ፣ «እትዬ፣ እኔ ከማንም ጋር መጣላት አልፈልግም። መጣላት ካልቀረ ግን ከሱ ጋር ይሁን» ብላ ፈረመች። ዛፉ ለሱቋ ጥላ ነበር። የሦስተኛ ፎቋ ልፈርም ስትል ተከራይ ድምፅ የለውም አልኳት፤ ቢኖረኝም ለዚህ ሕንፃ አላባክነውም ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ጥርስ ሐኪሙ ስሙን ከመሀል እንዳደርገው ለመነኝ። ሰው መሀል እንዲጠፋ። በቀን ስንት ሰው አፍ ውስጥ እጁን የሚከት ሰው!

ሊቀመንበሩ ስም አውጥቶልኛል አሉ። «እትዬ አንቀጽ»። እኔም ያወጣሁለት አለ፤ አክስቴ ይህን ማስታወሻ አግኝታ ብታነበው ስለማፍር አልጽፈውም።

ሚያዝያ 2

በር ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እሱ ነው፣ መሰላል ተሸክሞ። ወደ ጣሪያው መውጫው በእኔ በረንዳ በኩል ነው። ለሰሌዳው ሊለካ! ትንፋሼን ዋጥኩ።

አክስቴ ከአልጋዋ ማነው? አለች። ማንም፣ አልኳት በሹክሹክታ። «ማንም ከሆነ እንዲህ ምን ያንሾካሹክሻል?»

ደጋግሞ አንኳኳ። ከዚያ መሰላሉን ከግድግዳ እያላተመ ወረደ። በእኔ በረንዳ? በሕልሙ።

አክስቴ ምናልባት እድፉን ሊያይ መጥቶ ይሆናል አለች። አርጅታለች።

ሚያዝያ 20

የመጀመሪያው ዝናብ። ለአፍታ ነው የጣለው፣ ግን በቃው። እድፉ አልጋውን አልፎ እስከ ቁም ሣጥኑ ደረሰ። ሳፋ ደቅነን አልጋዋን ወደ በሩ ገፋነው። ማለቴ እኔ ገፋሁ፤ እሷ ላዩ ላይ ሆና አመራር ሰጠች።

«ትንሽ ግፊኝ እስቲ» አለች። «ኮሪደር ከደረስኩ የጋራ ንብረት እሆናለሁ። ያኔ ይጠግኑኛል።»

ሳቅን። ከዚያ ሳሉ ያዛት። አልለቀቃትም...

ግንቦት 4

ፊርማው ሞላ። ስብሰባው ተጠራ። ሁለት አጀንዳ፦ ሰሌዳው፣ ከዚያ ጣሪያው በጋራ ይጠገን የሚለው የእኔ ሐሳብ። ሊቀመንበሩ ማስታወቂያውን ደረጃው ሥር ሲለጥፍ ከኋላው አየሁት። ሲሄድ የሚያምር ጀርባ አለው።

ግንቦት 17

ይኸው ቀኑ። ደንቡን በብብቴ ይዤ ወረድኩ። ወንበሬን ከፊት አደረግሁ። ማንም ሰላም አላለኝም፤ እኔም ለማንም አላልኩ። ሊቀመንበሩ ፊሽካውን አልነፋም። ታሟል? ፈርቷል? ፈርቷል አልኩ።

ሰሌዳው ቀረበ። በደንቡ መሠረት የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ዝም። ያንን ሁሉ ያጸደቀው ሕዝብ እጁን ወዴት እንዳደረገው አይታወቅም። ኪስ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ ጉልበት መሀል... እርስ በርሱ ይተያያል። አንድም እጅ አልወጣም። ወደቀ!

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻዬን እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ከስንት ዓመት አንዴ ብትሆን፣ አንዲት የቤት ባለቤት ገጽ ገልጣ ሊቀመንበር አስቆመች።

ቀጥሎ የእኔ ተራ። ሐሳቤን አነበበው፣ ሳያዛባ። ከዚያ ወረቀቱን አውርዶ ቀጥ ብሎ አየኝ።

«እንደ ድሮው ልጠይቅልዎ፣ ወይስ እንደ ደንቡ?»

ሊያላግጥብኝ! በሰው ፊት! ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ።

«እንደ ደንቡ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ማንበብ እችላለሁ» አልኩት።

ሰኔ 9

ክረምቱ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ደብተር አልነካሁትም።

ትናንት የአክስቴ ልጅ መጥቶ ወሰዳት። እስከ መስከረም ነው አይደል? ብዬ ስጠይቀው፣ እናያለን አለ። የሱ ሚስትና እሷ በአንድ ጣሪያ ሥር ከርመው አያውቁም፤ ያውቃል፣ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ደረጃውን አዝሏት ሲወርድ፣ አሁን ገና የጋራ ሆንኩ አለችኝ። አልጋዋ ላይ አሁን ሁለት ሳፋ አለ። ጠብ... ጠብ... አንዱ ቀጠን ይላል፣ አንዱ ይጎረንናል።

ባለ ሱቋን ዛሬ አገኘኋት። ዳቦ ልገዛ እንጂ ላናግራት አልገባሁም ነበር። እያፈረች፣ «እትዬ፣ ባይቆጥሩን እኮ እሺ እንል ነበር» አለችኝ። እንዴት? አልኳት። ተቃውሞ ያለው ቢባል ማን ይቃወማል፣ በታመመች አሮጊት ላይ ማን እጁን ያወጣል? አለች። ደግፉ ሲባል ግን... ሰው ጎረቤቱን ያያል። መጀመሪያ የማወጣው እኔ ነኝ? ዛሬ ለእሷ ካወጣሁ ነገ ለማን ላወጣ ነው? ይላል። ጥርስ ሐኪሙም ሊያወጣ ሲል ሚስቱ ክርኑን ያዘችው አሉ። ዳቦውን ሳልቀበል ወጥቼ ነበር፤ ተመልሼ ወሰድኩት። የመመለስ ዕጣ ነው ያለኝ።

ደንቡን እንደገና አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። አንድ ፊደል አልሳትኩም። የማንንም መብት አልነካሁም። ሰሌዳውን ያስጣለው አንቀጽና ጣሪያዬን ያስጣለው አንቀጽ አንድ ነው፤ ያሰመርኩበት።

ሊቀመንበሩን ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘሁት። ሰላም አላልኩትም። እሱም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ አሳለፈኝ። ፊሽካው አንገቱ ላይ የለም።

ለጥገናው የወጣው እጅ ሁለት ነበር። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የሱ።