የፅጌ ሁለተኛ እድር

እሑድ፣ ማርች 3፣ 2013

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እድር ስብሰባ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው አዳራሽ፣ ያው የማይሠራ ማሞቂያ። የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝና ቀድሜ ደርሼ ወንበር የምደረድረውም እኔው... ሹመት ይሉሃል ይኼ ነው። ሐሳቤን አቀረብኩ። ከአካባቢው ለቆ የሄደ ሰው ከእድሩ ይሰረዝ። ዳላስ ተቀምጦ የሜሪላንድ እድርተኛ መሆን ምንድነው? ሬሳ በስልክ አይሸከሙትም። ጸሐፊያችን እታለማሁ "እስቲ ረጋ በል ዓብዩ፣ ሰው ይቀየማል" አለችኝ። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጥበት ተባለ።

ቤት ስገባ ፅጌ መኝታ ቤት በር ዘግታ በጀርመንኛ ትስቃለች። አልፎንስ ነው። እሑድ እሑድ ይደውላል። እኔን ከማግባቷ በፊት ስምንት ዓመት በኖረችባት በሽታይንሞስ፣ ካርታ ላይ በማጉያ በምትፈለግ የጀርመን ከተማ፣ በዳቦ ቤቱ ያሠራት የነበረ ሰውዬ። ሚስቴ በአማርኛ እንደዚያ አትስቅም። ለኔማ ፈገግ ካለች ትልቅ ነገር ነው።

ሰኞ፣ ማርች 4

ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ያንን ሳቅ ሳስብ ዋልኩ። ምን ቢላት ነው? የዳቦ ወሬ እንደዚህ ያስቃል?

የሁለቱን ፎቶ በደንብ አውቀዋለሁ። ፍሪጃችን ላይ ነው። ሽርጥ አድርገው ቆመዋል፣ እሱ ክንዱ የኔን ጭን ያህላል። ጢሙን አሳምሮ አበጥሮታል። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ... የሠርጋችን አልበም ግን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር።

እሑድ፣ ማርች 10

ቅበላ። ፅጌ ጥሩ ክትፎ ሠርታ ነበር፣ እኔው በአፌ አበላሸሁት። ስለ አዲሱ ደንብ እያወራሁላት ጉርሻዋን መለሰች።

"እንግዲያው እኔም ልሰረዝ ነዋ።"

"አንቺ የት ሄደሽ?"

"ከሽታይንሞሱ። እኔ እኮ ከዚያ አልወጣሁም።"

ከምኑ? ብላት ዘረዘረችው። እዚያ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ እድር አለው። "ጎረቤት" ነው የሚሉት፣ በቃ ጎረቤት። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ወረርሽኝ ገብቶ ሬሳ የሚያነሳ ሲጠፋ፣ የሷ መንገድ ሰዎች እርስ በርስ ሊሸካከሙ ተማማሉ። እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ሰው ሲሞት መንገዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ደወል ይደውላሉ፣ ከመንገዱ ቤቶች ስድስት ተሸካሚ ይወጣል። ቀባሪ ድርጅት ቢመጣ እንኳ ሳጥኑን አይነካም። ይኼን ሁሉ ስታወራ ፊቷ በራ።

ትህትና ደግሞ "ማሚ፣ ዩ ሃቭ ቱ እድርስ? ኩል!" ትላለች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ምን ታውቃለች።

እድር ማለት እኮ የት እንደምትቀበር ማለት ነው። ከኔ ጋር እየኖረች እዚያ ልትቀበር? ከነሱ ጋር... ከሱ ጋር? ሌላ ወንድ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። አይ። እሱም አይሻለኝም።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

ሥራ ስጨርስ አሌክሳንድሪያ ሙሐመድሰዒድ ቤት ገባሁ። ከሱ ጋር ታክሲ ስንነዳ ዕድሜያችንን ፈጀን፣ ለሌላ ሰው የማልናገረውን ለሱ እናገራለሁ። ነገርኩት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ወላሂ፣ ሰው በውሽማ ሲቀና አይቻለሁ። በእድር የቀናህ አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

"አንተ ብትሆንስ? ሐቢባ ሌላ አገር እድር ቢኖራት?"

"እጠይቃታለሁ። ጠይቀሃታል?"

አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ? የት ነው የምትቀበሪው ተብሎ ሚስት ይጠየቃል? ደግሞ ብጠይቅና እዚያ ብትለኝስ...

እሑድ፣ ማርች 17

ደወለ። ሆን ብዬ ሳሎን ቫክዩም አደረግኩ። እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። ኋላ ወጥታ "አልፎንስ ሰላም ብሎሃል" አለችኝ። ሁልጊዜ ሰላም ይለኛል። ምን አገባው?

ረቡዕ፣ ማርች 20

አልፎንስ ሞተ።

ከሽታይንሞስ የደወለችው ሔልጋ የምትባል ጎረቤቱ ናት። ፅጌ አላለቀሰችም። የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች። አጠገቧ ቆሜ ሰሃኑን እየተቀበልኩ አደረቅኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ሌላ የሚያየው የለም። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከእንግዲህ እሑድ አይደውልም አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ራሴን ጠላሁት።

ስንት ዓመቱ ነበር? ብላት ሰማንያ አለፈው አለችኝ። ሰማንያ! እኔ የምቀናው ፎቶው ላይ ባለው ሰውዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ትህትናን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ፅጌ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላለች።

"ስድስት ሰው አልሞላም" አለችኝ። ወጣቶቹ ለሥራ ትልቅ ከተማ ገብተዋል፣ መንገዱ ላይ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አምስት ተሸካሚ ብቻ ተገኘ። ደንቡ ደግሞ ከውጭ ሰው አያስገባም፣ ወይ ወንድ አባል ወይ የአባል ባል።

"እና?"

"አንተ ባሌ አይደለህ?"

አሁን ካልጠየቅኩ መቼ ልጠይቅ ነው ብዬ አወጣሁት። "ፅጌ፣ እዚያ ነው እንዴ መቀበር የምትፈልጊው?"

አየችኝ። "ለዚህ ነው ያኮረፍከው? ሞኝ። አባል ሆኜ የቀረሁት ልቀብር ነው እንጂ ሊቀብሩኝ መሰለህ?"

ከዚያ ነገረችኝ። እዚያ በገባች በመጀመሪያው ክረምት እናቷ ደሴ ሞቱ። መርዶውን የሰማችው ዳቦ ቤቱ ስልክ ላይ ነው፣ ሽርጧ ዱቄት እንደሆነ። ወረቀት ስላልነበራት መሄድ አትችልም። የሚያስተዛዝን አንድ አበሻ በአካባቢው የለም። አልፎንስ ምንም ሳይላት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የመንገዱ ደወል ተደወለ። ስትወጣ መንገዱ በሙሉ ጥቁር ለብሶ በረዶው ላይ ቆሟል። ስድስት ወንዶች ባዶ ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። አይተዋቸው ለማያውቋቸው ሴትዮ፣ ባዶውን ቃሬዛ እስከ መቃብሩ ድረስ ተሸክመው ሄዱ። እሷን ከፊት አስቀድመው። ከፊት በግራ በኩል የያዘው አልፎንስ ነበር። ከዚያ ቤቱ አስገብቷት ሦስት ቀን ሰው አልተለያትም።

"እኔ እናቴን የቀበርኩት እዚያ ነው" አለችኝ።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ሽታይንሞስ ያልኩ እንደሆነ ቲቪውን ትከፍታለህ።"

እውነቷን ነው። እከፍታለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 26፣ ሽታይንሞስ

ትህትናን እታለማሁ ጋ ትተን መጣን። ከተማ የምትላት ይህችን ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የኛ ሕንፃ ቢገለበጥ ይውጣታል። ግን ሁሉም ፅጌን ያውቃታል። ከበር እየወጡ ይስሟታል። ዳቦ ቤቱ፣ ደወሏ፣ ያ መንገድ... እኔ የማላውቃት ፅጌ በየበሩ ቆማ ነበር። ቀናሁ፣ ምን ይደረግ። እዚህ ድረስም መጥቼ ቀናሁ።

ሔልጋ አጭር አሮጊት ናት፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ አይሻልም። ትከሻዬን በእጇ ለካችና ከፊት በግራ በኩል አቆመችኝ። የማን ቦታ እንደነበር ማንም አልነገረኝም። አውቄዋለሁ።

ደወሏ ተደወለች። አነሳነው። ከባድ ሰው ነው፣ ያ ክንድ ሰማንያ ዓመት ቢሞላውም ያው ነው። በግራ እግር ጀመርን። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ እግሬን እያየ ያስተካክለኛል። መንገዱ አቀበት ነው። ግማሽ ላይ ሳልፈልገው አለቀስኩ። ለማን? አማቼን በዓይኔ አላየኋቸውም። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየኝ፣ ለአልፎንስ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ይሁን፣ ለሱም ነው።

ከቀብር መልስ ሥጋ ያለበት ሾርባ አመጡ። ፅጌ ጾም መሆኑን ስትነግራቸው ከሱ ዳቦ ቤት የወጣ ጥቁር ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው፣ ጣጣው እሱ ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 7

ስብሰባ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተነስቼ ያቀረብኩትን ደንብ ራሴ ሰረዝኩት። እታለማሁ "ምን ነካህ? ወር ሙሉ ያደረቅከን አንተ አይደለህ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። ዳላስ ያለው ሰው ትከሻ ይዞ ከመጣ ይበቃኛል አልኳት። የገባቸው አይመስለኝም። ሲያጨበጭቡ ግን አጨበጨቡ።

ቤት ገብተን ፅጌ ጋደም አለች። ያ ሰዓት ደረሰ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሏል። እሷም ታየዋለች፣ እኔም አየዋለሁ። አልወድም ነበር እኮ ያንን ጥሪ፣ አሁን ምን ነካኝ? ልክ ተነስቼ ሻይ ልጥድ ስል ጮኸ። ፅጌ ብድግ ብላ አነሳችው። አዳመጠች፣ ግራ ገባት፣ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች።

"አንተን ነው የምትፈልገው።"

ሔልጋ ናት። በዚያች እንግሊዝኛዋ የግራ በኩል ቦታ የኔ ሆኖ መጽደቁን ነገረችኝ። ሁሉም እጁን አውጥቶ ነው አለች። ከዚያ ትከሻህ ዳነልህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም አልዳነም ስላት እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

ስወጣ ፅጌ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች።

"ምን ብላህ ነው እንዲህ የምትስቀው?"

"ሰላም ብላሻለች" አልኳት።