የቤተሰብ ብዛት

ጽጌ፣
የሶዶ አውቶቡስ ማልዶ ስለሚነሳ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። የቀበሌው ስኳር ነገ ይታደላል፤ ካርዱ ሬዲዮው ስር ነው። እሙ ሽሮፗን ጠዋትና ማታ ትጠጣ።

ለሥራ ዝውውሩ ከቀበሌ መሸኛ ሳወጣ ጸሐፊው የቤተሰብ ብዛት ቢለኝ አራት አልኩ። ወንድይፍራው ግንባር ከሄደ ሦስት ዓመት አለፈው፣ ደብዳቤም የለ። ወረቀቱን ካየሽ ወዲህ አላናገርሽኝም።
እኔም አባቱ ነኝ።

ሁላችንም ከሄድን ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ይሰጠዋል። ወረቀቱን ያየሽ ዕለት «ልጄ ሲመጣ የማያውቀው ሰው በር ይክፈትለት?» ያልሽው ልክ ነው። እናንተ እዚሁ ኮልፌ ቆዩ፤ ሶዶ ብቻዬን እሰራለሁ።

ትናንት መሸኛውን መለስኩ። የቀበሌው መዝገብ ላይም አራቱን አሰርዤ አምስት አስጻፍኩ።
ጸሐፊው «አምስተኛው የት ነው?» አለኝ።
ቤት ነው አልኩት።

መኳንንት