ለመውጣት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1974፣ ብቸና

አልፈርምም አለኝ። ወርቁ ስምንት ዓመት በአንድ ክፍል አብረን መርፌ ስንወጋ የኖርን ሰው ነው። "ልጆች አሉኝ ዝናሽ፣ ተረጂኝ" አለ። ተረዳሁት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም ነበር። ትናንት የካርድ ክፍሏ የሺ፣ ዛሬ እሱ። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩኝም።

ኋላ እንዳይምታታብኝ ከመነሻው ልጻፈው። ከጤና ጣቢያችን ለሦስት ወር የወባ መከላከል ትምህርት ታንዛኒያ እንድሄድ እኔ ተመርጫለሁ። ከላይ የመጣው ደብዳቤ ጥር 12 ይጀመራል ይላል። የሚያስፈልጉኝ፦

ፓስፖርት። አዲስ አበባ ተዘጋጅቷል።
የመውጫ ቪዛ። የቀበሌ ደብዳቤ ሲኖር።
የቀበሌ ደብዳቤ። ዋስ ሲኖር።
ዋስ። የለም።
የታንዛኒያ ቪዛ። ከመውጫው ቀጥሎ፤ "እሱ እንኳ ቀላል ነው" ተብያለሁ።
የቢጫ ወባ ክትባት። አዲስ አበባ ብቻ።

የሚያስገባኝ አገር ሳያስቸግር የሚያስወጣኝ አስቸገረ።

ዋስ ያጣሁት በወንድሜ በሙላት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከእስር በዋስ ሲለቀቅ የፈረመችለት እናታችን ናት፣ ሞጣ። በወሩ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። እናቴን ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አሰሯት። ከዚያ ወዲህ የእኛን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ብዕር ሲያቀብሉት እጁን ያመዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 16

ኃላፊያችን አቶ ደምሰው ከግብዣው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጡኝ። የጤና ጥንቃቄ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከመግባት ቢያንስ አሥር ቀን በፊት፤ አሥር ቀን ካልሞላው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይመልሳሉ። ክሎሮኪን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ተጀምሮ። አጎበር። የፈላ ውኃ። ልጣጭ የሌለውን ፍሬ አለመብላት።

ይህን ለየጁቤ ገበሬዎች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እነሱም ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር፤ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ሥራቸውን ይሠሩና ሳይመሽ ደጋ ይወጣሉ። አንድ ሽማግሌ "ያደረ እንጂ የዋለ መች ታመመ፣ ልጄ" ብለውኛል። እኔ እንግዲህ ሦስት ወር ላድር ነው።

ዛሬ አርባ ሁለት ሕፃናት ወጋሁ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር፦ እኔ ራሴ መርፌ እፈራለሁ።

ሌላም ያልነገርኩት አለ። ዋስ አምጪ የሚሉኝ እንድመለስ ነው፤ ትመለሻለሽ ወይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ቢጠይቁኝ አላውቅም። ሙላት ካርቱም ሥራ እንደያዘ በሰው በኩል ሰምቻለሁ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መንገዱ ላይ ቆም ብዬ ስለዚህ አስባለሁ። ይህን ገጽ ቀድጄ ማቃጠል ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17

ስምንት ቀን ተበላሁ።

ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር የእንግሊዝኛውን ግብዣና የአማርኛውን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ጃንዋሪ 12 ይላል። የተረጎመው ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥር 12 ብሎ አለፈው። ጃንዋሪ 12 በእኛ ጥር 4 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። አቶ ደምሰው በእርሳስ ቆጠሩና መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔም አንብቤ ፈርሜበታለሁ" አሉ። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ሳነበው ከርሜያለሁ።

ስለዚህ፦ ጥር 4 ለመግባት ክትባቱ እስከ ታኅሣሥ 24። የሚከተበው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ፤ ማለት ዓርብ 23። ሐሙስ ጠዋት ከብቸና መነሳት አለብኝ። የቀበሌው ደብዳቤ እስከ ረቡዕ። ዋሱ ከዚያ በፊት።

የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ያለ ዋስ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም። "ጓዲት፣ ደመወዝተኛ ወይም በከተማ ቤት ያለው ሰው አምጪ፣ እዚያው እጽፍልሻለሁ" አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 18፣ ሞጣ

እናቴን ልሰናበት መጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ለራሴ የማልኩት አንድ ነገር ነው፤ ፈርሚልኝ አልላትም። ቤት አላት፣ በከተማ። ቀበሌው የሚፈልገው ዓይነት። ግን አልላትም።

የቀኑን ስህተት ነገርኳት፣ ሳቀች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

"ቆላ ነው አገሩ?"

"ቆላ ነው።"

"እዚያው ልታድሪ?"

"ክኒን አለ፣ አጎበር አለ።"

ክኒኑንም አጎበሩንም አልናቀችም፤ ግን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። መርፌውስ ያማል ወይ አለችኝ። አያምም አልኳት፤ ለሕፃናቱ የምዋሸውን ውሸት።

"ማን ፈረመልሽ?" አለች በመጨረሻ።

"የሥራ ባልደረባዬ።"

ሌላ አልጠየቀችም። የአባቴን ዳዊት ከተሰቀለበት አውርዳ አቧራውን ጠረገችና መልሳ ሰቀለችው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ከሞተ ጀምሮ ስታዝን የምታደርገው ይህን ነው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሲነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 19፣ ብቸና

ገብርኤል ነው። ግማሹ ከተማ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ቢሮ።

አቶ ደምሰው ለሁለት ሰው ፈርመዋል፤ ሦስተኛ አይፈቀድም። ወረቀቱን አሳዩኝ፣ እንዳላማቸው። አላማኋቸውም።

ክሎሮኪኑን ነገ መጀመር ነበረብኝ። ለማልሄድበት አገር ያን መራራ ነገር የምውጥበት ምክንያት አይታየኝም። መቅረቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ጀመርኩ። "በቤተሰብ ችግር ምክንያት" ከሚለው አላለፍኩም። ችግሩ ቤተሰቡ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ሲጻፍ አስጠላኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ረፋድ ላይ የክትባት ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ እናቴ ገባች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ከአንገቷ በተንጠለጠለ ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች፤ የሞጣ ቀበሌዋ ባለ ቤት መሆኗን የመሰከረበት፣ ማኅተም ያለው። ትናንት ከቅዳሴ ወጥታ በቀጥታ ሄዳ ያሰራችው ነው።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ። የፈረመልሽ ሰው ቢኖር ስሙን ነግረሽ በጸሎትሽ አስቢው ትይኝ ነበር።"

አያስፈልግም፣ መቅረቴን ጽፌያለሁ አልኳት። "ሲጻፍ የዋለ ይቀደዳል" አለችና ቀድማኝ ወጣች። ጋውኔን ሳላወልቅ ተከተልኳት።

ሊቀመንበሩ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። "እማማ፣ ያለፈውን ዘነጉት እንዴ?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ዘንግቼ አይደለም የመጣሁ፣ ልጄ። ቀለሙን አምጣ።"

አውራ ጣቷን ነክራ ተጫነችበት፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እስኪጸና አላነሣችም። ነጠላዋን ላለማበላሸት ጣቷን በቢሮው ግድግዳ ላይ ጠረገች። ሊቀመንበሩ አየና ወረቀት ሳበ። ደብዳቤዬን እዚያው ጻፈው።

ውጭ ስንወጣ ትመለሻለሽ ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የምመልሰውን ሳላገኝ።

"መቼ ነው የምትመጪው?" ነው ያለችኝ።

"መጋቢት 28።"

"በእኛ ቁጥር ነው በእነሱ?"

"በእኛ።"

በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት፤ አንዱ ጥቁር ነው። "እንግዲያው ሆሳዕናን ከእኔ ጋር ነሽ" አለች። አለቀስኩ፤ መንገድ ላይ፣ በጋውን፣ ታካሚዎቼ እያዩኝ።

ጾም ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምሳ በልተን ሁለቱን ክኒን ዋጥኩ። ፊቴን ሳጨማድድ "ፌጦው ይሻልሽ ነበር" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 22፣ አዲስ አበባ

ከአክስቴ ልጅ ቤት። ጠዋት እናቴ ወደ ሞጣ፣ እኔ ወደዚህ፣ ከአንድ መናኸሪያ። የእኔ አውቶቡስ ቀደመ። ዓባይ ስንወርድ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሞኝነት ነው፣ የወባ ትንኝ በቀን አትናከስም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 23

ተከተብኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ጥሩ ነው። ሥራዬን አልነገርኳትም፤ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ቢጫ ካርዱ ላይ ጃንዋሪ 1 ብላ ጻፈች፣ ከዚያ የሚጸናበትን ቀን። ሁለቱንም በጣቴ ቆጥሬ ነው የወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ የመውጫ ቪዛ። ደብዳቤውን፣ ዋሱን፣ ፓስፖርቱን ተቀበሉኝና የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ ሥራ፣ የሚሄዱበት አገር፣ ምክንያት። ቀጥሎ የሚመለሱበት ቀን ይላል። በዚያ ቦታ ላይ እቸገራለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት። መጋቢት 28 ብዬ ጻፍኩት፣ ሳላስብ፤ ከስሜ ይልቅ ፈጥኖ መጣ። ጸሐፊዋ አይታ "በፈረንጅ አድርጊው" አለችኝ። ሰርዤ ኤፕሪል 6 አልኩ። ከቅጹ ጋር የተያያዘው የእናቴ ጣት ከወረቀቱ ጀርባ ድረስ ዘልቆ ይታያል፤ በጣም ተጭናው ነበር።

ቪዛው ይመታ አይመታ አልነገሩኝም። ሰኞ ተመለሺ አሉኝ። ክንዴ አብጧል፣ ትንሽ ያተኩሰኛል፤ በጤና ጥንቃቄው ወረቀት መሠረት ደህና ነው።