በኮሚቴ የተቀመጠ አልጋ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
አሶሳ ከመጣሁ አራት ወሬ። የልብ አልትራሳውንድ ክፍላችን ከተመረቀ ደግሞ ሁለት ሳምንቱ። አልጋው በግድግዳውና በቁምሳጥኑ መሀል ተሰንቅሯል። ታካሚው በጎኑ መዞር አይችል፤ በጀርባው አስተኝቼ፣ ከማይመች በኩል ተንጠራርቼ እሠራለሁ። አልጋው ይነሳ ብዬ የንብረት ክፍሉን ይልቃልን ጠየቅኩት። «ዶክተር፣ ቦታው በኮሚቴ የጸደቀ ነው። የምርቃቱ ባነር ፎቶ ላይ እንዲታይ።» ባነሩ እኮ ከወረደ ቆየ...

ጥቅምት 6
ኢንዓም የምትባል፣ ገበያ ላይ ደረቅ ባሚያ የምትሸጥ ሴት መጣች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆረጣል። ነርሷ ሲስተር ብኸይታ ደረቷን አዳምጣ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ድምፅ ደስ አይልም» አለችኝ። የልቧ ቫልቭ፣ ደም የሚያልፍበት በር፣ ጠቦ ቢሆን ደሙ ይፈጥን ነበር፤ ማሽኑ ግን ፍጥነቱ ደህና ነው ይላል። ሦስት ወር የሠለጠንኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ? «ጤነኛ ነሽ፣ ብዙ ተራመጂ» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተምም መታሁበት።

ጥቅምት 13
ኢንዓም ተመልሳ መጣች። አማቷ ወረቀቴን ለጎረቤት ሁሉ አስነብባለች። «ስንፍና ነው እንጂ ጤነኛ ናት» ተብሎ ውሃውም እንጨቱም በሷ ላይ ወድቋል።
«ወላሂ፣ ልቤ ደህና ከሆነ ዳገት ስወጣ ለምን ይቆማል?»
ጭንቀት ነው አልኳት።

ጥቅምት 14
የወር ሪፖርት። «የስህተት ምንጮች» የሚል ሠንጠረዥ አለው። ሞላሁ፦ የመብራት መዋዠቅ። የታካሚ ውፍረት። የታካሚ አለመተባበር። የባለሙያ ስህተት፦ የለም።

ጥቅምት 19
ኢንዓም ጀሪካን እንደተሸከመች ዳገቱ ላይ ወደቀች። በባጃጅ አመጧት፤ ነፍሷን አውቃለች። ብኸይታ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘች። እኔም ሌላውን። ጎትተን አወጣነው። ኢንዓምን በግራ ጎኗ አስተኝቼ፣ የማሽኑን የድምፅ ሞገድ ከደሙ መንገድ ጋር አቀናሁት። የደሙ ፍጥነት ከበፊቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ቫልቩ ጠቧል ማለት ነው።
ማሽኑ በትክክል የሚለካው ፊት ለፊት የሚመጣውን ወይም የሚሸሸውን ደም ነው። አግድም የሚያቋርጠውን እየቀነሰ ነው የሚያሳየው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። አፈርኩ።

ጥቅምት 20
የይልቃል ደብዳቤ፦ አልጋውን ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ማን አንቀሳቀሰው? «እኔ» ብዬ ፈረምኩ። ከምርቃቱ ጀምሮ ያየኋቸው ሰባ ሦስት ሰዎች ለድጋሚ ምርመራ እንዲጠሩ ዝርዝሩን ለብኸይታ ሰጠሁ።
ለኢንዓምም ነገርኳት። ቫልቭሽ ጠቧል፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ትላኪያለሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።
«ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?»
«አይደለሽም።»
«ጻፍልኝ። አንዱን ለአዲስ አበባ፣ አንዱን ለአማቴ።»
አማቷ በሩ ላይ ቆማለች። ጮክ ብለህ አንብብ አለችኝ ኢንዓም። አነበብኩ፦ «ኢንዓም ሰነፍ አይደለችም። ሰነፉ ሐኪሟ ነበር።»